ፏፏቴው ላይ የመራን ሸጋ ልጅ

እንዴት ዋልሽ ይመኙሽ? ተይ፣ ተይ አትነሺ፤ እኔው ፈልጌ እቀመጣለሁ። በሩን ቀለም አስቀባሽው? ሸጋ ሆኗል። ለእሑድ ነዋ! ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው በሩን አይደል... ልጅሽ ጸሎትስ የለችም? ሥራ ናት? ይሁን፤ ለሷ የሚሆን ወሬም የለኝ። እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው የገባሁ።

ምነው፣ እግርሽን ምን ነካሽ አትይኝም? ቅዳሜ ለት ጉብኝት ሄጄ! አዎ፣ እኔ የትነበርሽ! ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳተ ገሞራን በቀይ ጠመኔ እየሣልሁ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ አንዱንም በእግሬ ሄጄ አላየሁት። ጡረታ ከወጣሁ አይቀር ልየው አልሁ። ታዲያ ምን ተጫምቼ ብሄድ ጥሩ ነው? ለሠርግ የማደርጋትን ባለ ተረከዝ ጫማ! የመልክዓ ምድር አስተማሪ እንዲህ ናት።

ጉዞው የአንድ ቀን ነው። የእሳተ ገሞራ ዓለቶቹን አይተን፣ ፏፏቴ ወርደን፣ ማታ ቤታችን። ጎብኚዎቹ አራት ብቻ ነን፤ እኔ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት አዲስ ተጋቢዎች ፋንታሁንና ፍሬ፣ ደግሞም መሪጌታ ወልደኢየሱስ። ታውቂያቸዋለሽ፣ የዜማው መምህር፣ ዓይናቸው የደከመው። ልጃቸው «አየር ይለውጡ» ብሎ ልኳቸው ነው። ሹፌሩ ምንይችል ነው። አስጎብኚው ደግሞ... ስሙ ምን ያደርግልሻል? አንድ ሸጋ ልጅ ነው፣ የኔው ተማሪ የነበረ። እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ላይ ገና ሲያየኝ «ቲቸር!» ብሎ ተጠመጠመብኝ። ቁመና ብትይ ቁመና፣ አፍ ብትይ አፍ! ጸሎትም ሳታውቀው አትቀር... ማለቴ፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን አንድ ብቻውን የቆመ ዓለት ጋ አስወረደን። «ይህ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ነው» አለ። ቀጥሎ ያለው ዓለት ጋ ስንደርስ ሠላሳ ሺህ ዓመት ሆነ። ምሳ ላይ ሦስት መቶ ሺህ። ፋንታሁን ግራ ገብቶት «የትኛው ነው ትክክሉ?» ቢለው፣ «እንደ ድንጋዩ ይለያያል» አለው። እኔ ምን አፍ አለኝ? ሰባተኛ ክፍል ከመቶ ዘጠና የሰጠሁት እኔ! ያን ጊዜ ከጎኑ የምትቀመጠው ልጅም ዘጠና ነበር ያመጣች፤ የተሳሳቱትም ያንኑ ጥያቄ ነበር... ምን ያለ መግባባት ነው ብዬ አደነቅሁ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ፏፏቴው ወረድን። መንገዷ ጠባብ፣ ባንድ ወገን ገደል ናት። መስከረም አይደል፣ ውሃው ሞልቶ ከአፋፉ ሲወረወር ደረትሽን ይንጠዋል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፣ ይመኙሽ። ለካ ድምፅ አለው! ይህን ሁሉ ዓመት ለልጆቹ ስሥልላቸው ድምፅ እንዳለው አልነገርኋቸውም። የማላውቀውን ነበር የማስተምረው ብዬ እንባዬን ስጠርግ ጉም ወረደ። ወዲያው በረዶ ተከተለ። የገዛ እጄ ጠፋኝ።

ልጁ «ተከተሉኝ!» አለ። ድምፁ እንዴት እንደሚያምር! እኛ ልንከተል ስንነሳ ግን... የለም። ብንጣራ የለም። የሁላችን የዝናብ ልብስ ያለበት ቦርሳም ከጀርባው ጋር ሄዷል። ስልክ ብንሞክር መስመር የለም። እንግዲህ ፈጣን መሆኑን ማን ይክዳል? የዘገየን እኛ ነን። ይልቁንም እኔ፣ ባለ ተረከዟ።

ፍሬ ማልቀስ ጀመረች። ፋንታሁን መንገድ ልፈልግ ብሎ አንድ እርምጃ ቢያነሳ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ተንከባለለና ሄደ... መሬት ሲነካ አልሰማነውም። ሁላችን ባለንበት ደረቅን። ያን ጊዜ መሪጌታ ተናገሩ። «ልጆቼ፣ እኔ ድሮም በጉም ውስጥ ነው የምኖር። ዝም በሉና ውሃውን ስሙ። ስንወርድ በቀኝ ጆሮዬ ነበር። በግራ ካደረግነው እየወጣን ነው።»

ጋቢያቸውን ከነጠላዬ ጋር ቋጠርንና እንደ ገመድ ያዝነው። ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ከፊት፣ እኔ ጫማዬን በብብቴ ይዤ በካልሲ ከኋላቸው፣ ከዚያ ፍሬ፣ ከዚያ ፋንታሁን። በየእርምጃው መቋሚያቸውን ድንጋዩ ላይ መታ እያደረጉ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ። እኔ መቀበሉ ጠፍቶኝ፣ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ «አቤት! አለሁ!» እላለሁ። ሳቂ፣ ሳቂ፤ ፍሬም በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ሳቀችብኝ። እየሳቀች፣ እያለቀሰች ወጣን።

መኪናው ጋ ስንደርስ ምንይችል የለም። ባትሪ ይዞ፣ ስማችንን እየጠራ፣ በሌላው በኩል እኛን ፍለጋ ወርዷል። ኋላ በስብሶ ሲመለስ መሪጌታን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሸጋው ልጅ ግን አለ! የፊተኛው ወንበር ላይ ተመቻችቶ፣ ሞቆት፣ የፍሬን ሮዝ የዝናብ ልብስ ደርቦ፣ እኔ የገዛሁትን ቆሎ ይቆረጥማል። «ቲቸር፣ ምነው ቆያችሁ? በጣም ተጨነቅሁ እኮ!» አለኝ። ሲጨነቅ የሚርበው ሰው አለ አሉ...

ምን አልሽው ትያለሽ? እኔማ! ጥፍሩ ቆሸሸ ብዬ ስንቱን ሕፃን ከክፍል ያስወጣሁ ቁጡ አስተማሪ፣ ምን ብለው ጥሩ ነው? «ይቅርታ ልጄ፣ አስጠበቅንህ።» በገዛ አፌ! ከበረዶው ይልቅ ያቺ ናት ያንቀጠቀጠችኝ። የአስተያየት መዝገቡን ሲሰጠኝማ «ከሁላችንም ቀዳሚ ነበር» ብዬ ፈረምሁለት። ዋሸሁ? አልዋሸሁም።

ስንመለስ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ እትዬ ይመኙሽ እርስዎን ይሰማሉ አሉ። ከእሑድ በፊት ስለኔ አንድ ጥሩ ቃል ጣል ያድርጉልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ለተማሪዬ እንቢ ማለት መች ይሆንልኛል! ይኸው፣ ለዚያ ነው በዚህ እግር የመጣሁ። ራሱን የቻለ ልጅ ነው፤ በማንም አይከብድም፣ ማንም አይከብደውም። ራሱን በጣም ነው የሚጠብቅ። እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?

ምነው፣ ፊትሽ ተለወጠ... እኔ ምን አልሁ? እያመሰገንሁ!

በይ ልነሳ። ለጸሎት ምርቃቴን አድርሺልኝ። እግዜር ትዳሯን የሞቀ ያድርግላት። ክረምት ከበጋ፣ የትም ብትሄድ፣ ባሏ ሁልጊዜ ቀድሟት ደርሶ በደረቅ ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቃት ይሁን። አሜን በይ እንጂ፣ ይመኙሽ!