የቀይ ሥሩ ኬክ ማግስት

የታናሽ ወንድሜን የልደት ኬክ ያቀለምኩት እኔ ነኝ። የጎረቤታችን የእትዬ ሀዋ ልጅ አብዱ የሱቅ ቀለም ያለበት ነገር ከበላ ሰውነቱ ሽፍ ይላል። እሱም እንደ ሌሎቹ ልጆች ይብላ ብዬ ከአሶሳ ገበያ ቀይ ሥር ገዛሁ፤ ጨምቄም ሊጡንም ክሬሙንም ሮዝ አደረግሁት። አብዱ ሦስት ቁራጭ በልቶ አንድም ሽፍታ አልወጣበትም። ኮርቼ ተኛሁ።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሀዋ አብዱን እጁን ይዛ ቆማለች፤ ውጭ ባጃጅ ይጠብቃታል። «ወላሂ ልጄ ደም ሸና። ምን ሰጥተሽው ነው?» አለችኝ። ብዙ ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ሊቀላ እንደሚችል የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነግሮን ነበር። እኔ ግን ሰው ሲያፈጥብኝ ድምፄ ይጠፋል። ጫማዬን እያየሁ «ቀይ ሥር ነው» አልኩ። አልሰማችኝም፤ ልጁን ወደ ባጃጁ ጎተተችው። አብዱ እያለቀሰ «መርፌ ሊወጉኝ ነው?» ሲለኝ አላስቻለኝም። ባጃጁ ፊት ቆሜ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩ፤ «ደም አይደለም፣ የኬኩ ቀይ ሥር ነው።»

እትዬ ሀዋ ገና መሳቅ ስትጀምር አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ የጤና ጣቢያ ካርዱን ይዞ ከቤት ወጣ። የስኳር በሽታ ስላለበት እናቴ ኬኩን እንዳይቀምስ ከልክላው ነበር።

«ለመሆኑ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትልቅ ሰውንም እንዲህ ያደርጋል?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። «አንተ ሰውዬ፣ ስንት ቁራጭ?»

አባቴ ባጃጁ ውስጥ ገባና ሾፌሩን «በል ንዳው» አለው።