የጣውላው ግቢ ሽጉጥ ማነጣጠሪያ በመዶሻ ስለመገፋቱ የተሰጠ ተጨማሪ የምስክር ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ አባ ቆፍጥን (በሰፈሩ የሚታወቁበት)
ዕድሜ፦ ሰባ አራት ይላሉ
ሥራ፦ ቀድሞ የጣውላ ግቢ ዘበኛ
አድራሻ፦ ከጣውላው ግቢ ጀርባ፣ ከሴት ልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር
ቃሉ የተሰጠው፦ ሐሙስ ጠዋት፣ በምርመራ ክፍል
ማንበብና መጻፍ፦ አይችሉም፤ እንደተናገሩት ተጽፏል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እግር መጥቼ የምሰጠው ቃል ይህ ነው። ባለፈው ሰኞ በዚሁ ጉዳይ ቃል ሰጥቼ ነበር። «አማቼን ተኩስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ኢላማ አይስትም፤ ሽጉጡንም በእጄ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ እንከን የለውም» ብያለሁ። ጉራ ነበር። በዚሁ ቃሌ የተነሳ አማቼ በግቢው ጣውላ የሚሰነጥቀውን ባለ መጋዙን ሆን ብሎ ሊገድለው ተኩሷል ተብሎ ሊከሰስ መሆኑን ልጄ ነገረችኝ። አፌ ነው ያሳሰረው።

በጣውላው ግቢ ዘበኛ ሆኜ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። በኔ ጊዜ አንዲት ጣውላ ጠፋችብኝ የሚል ካለ ይምጣ። ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ ባለንብረቱ ቦታውን ለአማቼ ሰጠው። ግቢው ሁለት አሮጌ ሽጉጦች ነበሩት። ሁለቱም ትናንሽ፣ ከኮት ሥር የሚደበቁ፣ አንዴ ካቀባበሏቸው በኋላ ጥይቱን ራሳቸው የሚያጎርሱ ናቸው። ባለንብረቱ «አንዱን ምረጡ፣ ሌላውን ለመንግሥት አስረክባለሁ» አለ። ባለፈው ወር አንድ እሁድ ጠዋት እኔና አማቼ ሁለቱን ይዘን ከግቢው በላይ ወዳለው፣ ሥራ ወዳቆመው የድንጋይ ካባ ወጣን።

አንደኛው ጠፍጣፋና ቀላል ነው። ማነጣጠሪያው ከላይኛው ብረት ላይ አብሮ የተቀረጸ ሆኖ ከፊት ትንሽ ጉብ ያለ ነገር፣ ከኋላ ጥፍር የጫረው የሚመስል ስንጥቅ ብቻ ነው። ከኪስ ሲወጣ ጨርቅ እንዳይዝ ብለው ነው እንዲያ የሠሩት። እኔ ግን «ይሄ ማነጣጠሪያ ነው ወይስ ኪንታሮት?» ብዬ ሳቅሁበት። ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ እጅ የሚሞላ ነው። የፊቱ ማነጣጠሪያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኋላው ለብቻው ተሠርቶ በጠባብ ቦይ ውስጥ የተሰካ ስለሆነ በመዶሻ ቢመቱት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሄዳል። ጠፍጣፋው እንደተፈጠረ ይሞታል፤ ይሄኛው ሰው ይሰማል። የወደድኩትም ለዚሁ ነው።

አማቼ ጠፍጣፋውን አንስቶ አንድ ጊዜ ተኮሰና ለኢላማ ያቆምነውን ጣሳ ጣለው። «አባባ፣ እኔ ዘበኛ እንጂ አዳኝ አይደለሁም፤ ይሄ ይበቃኛል» አለኝ። «ጣሳማ ድመትም ትጥላለች» አልኩትና በሁለተኛው ተኮስኩ። ከጣሳው በስተግራ ድንጋዩ ጨሰ። ደገምኩ፤ ያው ግራ።

«ብረቱ ተንሻፍፏል» አልኩ።

«ይሆናል፣ አባባ» አለ።

ብረቱ አልተንሻፈፈም። ቀኝ ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ዓመት አልፎታል፤ ግራውም እየደከመ ነው። የፊቱ ማነጣጠሪያ ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ አንዱን መርጬ ነው የምተኩሰው። ይህን ለሰው አልተናገርኩም። ልጄ ቁልፉን ከቀዳዳው ጎን ስሰካ አይታኝ «አባዬ፣ ዓይንህን ሐኪም ይየው» ስትለኝ «ይልቅ ቁልፉን አስቀይሪው» ብያታለሁ። ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈልግም ነበር።

ከካባው እንደተመለስን ሽጉጡን መጋዝ በሚሞረድበት ጠረጴዛ ላይ አሰርኩት። የኋላውን ማነጣጠሪያ ናስ አስደግፌ በመዶሻ ወደ ቀኝ ገፋሁት። ተመልሰን ወጥተን ስተኩስ ጣሳው ወደቀ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አማቼ «እኔም አንዴ ልሞክረው» ሲል «እኔ የሞከርኩትን አንተ ልትሞክር? ጥይት ከሰማይ አይዘንብም» ብዬ አፉን አስዘጋሁት። አማች ነውና እጁን ሰበሰበ። ጠፍጣፋውን ባለንብረቱ አስረከበው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያበደ ውሻ ወደ ግቢው ገባ። እኔ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። ውሻው ባለ መጋዙን ከጣውላ ክምር ጋር አጣብቆ ያጓራበታል። ውሻውን ያየሁት እንደ ጥላ ነው፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ባለ መጋዙና አማቼ ከዚያ በፊት ተሰዳድበው እንደነበር ግቢው ሁሉ ያውቃል። ያም ሆኖ ባለ መጋዙ ራሱ «ምን ቆመህ ታያለህ፣ በለው እንጂ!» ሲል ሰምቻለሁ። አማቼ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆሞ አንድ ጊዜ ተኮሰ። ውሻው አመለጠ፤ ባለ መጋዙ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። እሱ የቆመው ከውሻው በስተቀኝ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ እንደነበር ያነሱት ሰዎች መስክረዋል። እኔ የገፋሁት ማነጣጠሪያ ጥይቱን የሚወስደው ወደዚያው ነው። ባለ መጋዙ እግሩን ቢያጣ በኔ አንገት ነው።

መርማሪው «ይህን አማችዎን ለማስፈታት እንዳልፈጠሩት በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ደህና ጠየቀ። ሽጉጡ ይምጣ አልኩ፤ መጣ። የኋላው ማነጣጠሪያ ግራ ጎን ላይ የመዶሻዬ ምት አለ፤ የለቀቀው ቦታም ቀለሙ ያልደበዘዘ ብረት መሆኑን መርማሪው አይቶ ነግሮኛል። እኔ ምቱን ያገኘሁት በጣቴ ዳስሼ ነው። ቀጥሎ ግራ ዓይኔን በእጄ አስሸፍኖ እስክሪብቶ ከፊቴ አቆመና «ስንት ነው?» አለኝ። አንድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጅል አይደለሁም። የታየዎትን ይናገሩ ስለተባልኩ ሌላ ወጣት ፖሊስ ቆሞ እየሰማ «ሁለት» አልኩ። ይጻፍ።

አማቼ ስለ ሽጉጡ ደጋግሞ ተጠይቆ «አባባ ያስተካከሉት ነው» ከማለት በቀር ምንም እንዳልተናገረ መርማሪው ነግሮኛል። እኔ የዓይኔን ነገር አላወቀም መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስገባ ኮሪደሩ ላይ በካቴና ሆኖ ሲያሳልፉት አገኘሁት። ምን ልበለው ብዬ ስቆም እሱ ቀደመኝ። «አባባ፣ ከፊትዎ ደረጃ አለ፣ ግድግዳውን ይያዙ» አለኝ።

ደረጃውን አላየሁትም ነበር። ያዝኩና ወረድኩ።

ያውቅ ኖሯል። ውሻ ሰው ሊነክስ ሲል ማነጣጠሪያ የሚያስታውስ ማን አለ? ከታሰረ በኋላ ግን የሚናገርበት ጊዜ ሞልቶት ነበር፤ ሽማግሌ ከሚዋረድ ብሎ ዝም አለ። እሱ ይፈታ። በኔ ላይ የሚደረገው ይደረግ፤ ለዚህ ምሕረት አልለምንም።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ ከአፌ የወጣው መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው። የሰኞውን ቃሌን በዚህ ሽሬዋለሁ። ፊደል ስለማላውቅ የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬአለሁ፤ የማኖርበትንም ቦታ መርማሪው እጄን ይዞ አሳይቶኛል።

የምስክሩ አሻራ፦ __________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ __________
ሲነበብ የሰማው ፖሊስ ፊርማ፦ __________