ኮርኒሱ ላይ ምንም የለም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በደርግ ጊዜ ጉለሌ አስተምር ነበር። በቀበሌ የሚፈለገውን ወንድሜን ቤቴ ኮርኒስ ላይ ከደበቅሁት ወዲህ እጄ እየተንቀጠቀጠ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ዳይሬክተራችን ውጭ አገር ተምሮ ወደመጣ የአእምሮ ሐኪም ላከኝ። ሰውየው ሲያነጋግረኝ ቆይቶ በሂፕኖሲስ አስተኝቼ ላናግርሽ አለ። ተኝቼ ብለፈልፍስ? ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ አስመሰልኩ።

“የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?”

“ኮርኒሱ ላይ... አይጥ።”

“በይ ተከተዪኝ፤ ኮርኒሱ ላይ ምንም የለም!”

እያፈርኩ ደጋገምኩት። በሳምንቱ የቀበሌ አሳሾች ቤቴ ገቡ። አንዱ ጠመንጃውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ “ጓድ መምህርት፣ እዚህስ?” አለኝ።

“ኮርኒሱ ላይ ምንም የለም” አልኩት፤ እጄ ንቅንቅ አላለም።

ሐኪሙ ከአይጥ ፍርሃት እንዳዳነኝ በየስብሰባው ሲያወራ ኖረ። አይጡማ ዛሬ የልጆች አባት ነው።