የወይዘሮ የብርጓል አጥር

ሉማሜ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ መንደሬ ሳዘግም፣ የቀድሞ ተማሪዬን መቅደላዊትን የጎመን ችግኝ ታቅፋ አገኘኋት። የጓሮ አትክልት ለጎረቤቶቿ በበጎ ፈቃድ ልታስተምር ሠልጥና መመለሷ ነው።

«እሰይ መምህር! ወይዘሮ የብርጓል በር አልከፍትም ብለውኛል። እርስዎን ያከብሩዎታል፤ ይምጡልኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ በሰው ነገር መግባት መቼ እጠላለሁ! ተከተልኳት።

የሴትዮዋ አጥር ከጣራቸው ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። ከብዙ ልመና በኋላ ከፈቱልን።

«እማማ፣ የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው የሚማሩበት ጓሮ ፈልጌ ነው። እንደ እርስዎ ያለ አፈር ደግሞ የለም» አለች መቅደላዊት።

«ጓሮዬን ሰው አያየውም፤ በቃ!»

«ለምን እማማ?»

«የሰው ዓይን አቃጥሎኛላ! ጎረቤቴን ወለላን ታውቂያት የለ? ጓሮዬ ውስጥ ቆማ ‹አቤት ሲያምር!› አለች። በማግስቱ ብነሳ ጎመኔ ከሥሩ ተቆርጦ ተጋድሟል። አጥሬን ከፍ አደረግሁ፤ ሰላምታም ተውን።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ትናፍቀኛለች እኮ ልጄ። ውኃ የምንወርደው አብረን፣ የማርያምን ማኅበር የምንደግሰው አብረን ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ላሟን ስታናግር ለመስማት አጥሩ ሥር እቆማለሁ። ግን ያ ጎመን እንዴት ይረሳል?»

አንጀቴን በሉት። ስንቱ ጉርብትና ነው እንዲህ በጥርጣሬ የፈረሰው!

«ዘንድሮስ ይቆረጣል?» አለች መቅደላዊት።

«መች ቀረ! ዛሬም ወድቆ ያደረ አለ።»

«ወይዘሮ ወለላ አይተውት ነው?»

«በየት በኩል! በዚህ አጥር?» አሉና አጥራቸውን ሽቅብ አዩ። ከዚያ ራሳቸው ወደ ጓሮው መሩን።

መቅደላዊት ከወደቀው ችግኝ ሥር አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር አደረገችው። ጥቅልል ብሎ የተኛ ግራጫ ትል ወጣ።

«ቆራጭ ትል ነው እማማ። ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል፤ ሌሊት ወጥቶ ግንዱን ይቆርጣል። ማለዳ ማለዳ መልቀም ነው። ከመትከል በፊትም መሬቱን ገልብጦ ፀሐይ ማስመታት።»

«ታዲያ ያኔም ይኸው ነበር?»

«ከሥሩ ከተቆረጠ፣ ይኸው ይሆናላ።»

ትሉን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። «ይቺን ለምታክል ነው ወለላዬን ያጣሁት?» አሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ አጥሩ ሥር ሄደው ተጣሩ።

«ወለላ! አንቺ ወለላ!»

ከወዲያ በኩል፣ «አቤት?» አለ አንድ የፈራ ድምፅ።

«ነይ፣ ጎመኔን እይልኝ!»

ዛሬ ያ አጥር ከወገብ አይበልጥም። የመንደሩ ሴቶች እዚያ ተምረው በየጓሯቸው ተክለዋል። ጾም ሲገባ ጎመን ፍለጋ ገበያ የሚወርድ የለም፤ ልጆቹም ካሮት ለምደዋል። ችግኝ ሲወድቅ አፈሩን ይጭራሉ እንጂ ጎረቤት አይጠረጥሩም። እኔ ግን ከሁሉም የማልረሳው ያንን ቀን ነው። ወይዘሮ ወለላ መጡ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ አንዴ ጎመኑን አንዴ ወዳጃቸውን እያዩ፣ ትንፍሽ ሳይሉ ቆሙ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል እጃቸውን ይዘው። «በሞቴ፣ ሲያምር በይኝ እንጂ!»