የጋሽ ሰዲቅ ኮምፒውተርና የእንግዳ ፍላሽ

የደብረ ሲና ሰው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ካፖርቱን ቤቱ ትቶ መሄድ እንዳለበት በየጊዜው እማራለሁ፤ በየጊዜውም እረሳለሁ። ያን ዕለትም ለመምህራን ስብሰባ ወርጄ፣ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ጎድሎኝ፣ በካፖርቴ ውስጥ እየቀለጥሁ ከመናኸሪያው በር አንዲት ሴት ፎቶ ቤት የት እንዳለ ጠየቅኋት።

«እኔም ወደዚያው ነኝ፤ ይከተሉኝ» አለችኝ።

መሊካ ትባላለች፤ ከአጣዬ ነው የመጣችው። እግረ መንገዳችንን ስናወጋ ጉዳይዋን ነገረችኝ። ባሏ ሙጂብ ታሞ ሲሞት እርጉዝ ነበረች። ኋላም ከተማው ሲቃጠል ቤቷ ነደደ፤ የሠርጉ አልበምም አብሮ ሄደ። ጣይባ የምትባለው ልጇ አባቷን በመልክ አታውቀውም።

«ሠርጋችንን ያነሱን ጋሽ ሰዲቅ ናቸው። ኮምፒውተራቸው ውስጥ ይኖር ይሆናል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ቀድመሽ አልደወልሽላቸውም?» አልኳት።

«የለም ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ።»

ይህ መልሷ አንጀቴን በላው።

ፎቶ ቤቱ ስንደርስ ጋሽ ሰዲቅ ሁለት ቬንትሌተር ኮምፒውተሩ ላይ ደግነው፣ ራሳቸው ላብ በላብ ሆነው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የወንድማቸው ልጅ ኑርሃን አለች፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምትማርና ለዕረፍት የመጣች ልጅ ናት። ሰላምታው ካለቀ በኋላ መሊካ የመጣችበትን ተናገረች።

«ሙጂብን? አላህ ይርሐመው! እንዴት አላስታውሰውም!» ብለው ጋሽ ሰዲቅ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። የሠርጎቹን ፎልደር ሲነኩት መስኮቱ ብልጭ አለና ተዘጋ። ደግመው ነኩት፤ ደግሞ ተዘጋ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ለአፍታ ጠፍቶ ተመለሰ።

«ይኸውልሽ፤ ሰሞኑን አመሉ ይኼ ነው። ሙቀቱ ነው ወላሂ! ይሄ ፀሐይ ሰውን ያልማረ ዕቃ ይምራል? ግዴለም፣ ነገ ኮምፒውተር ጠጋኙ ረድዋን መጥቶ ፎርማት ያደርገዋል።»

«ፎርማት ምንድን ነው?» አለች መሊካ።

ኑርሃን ቀስ ብላ መለሰች። «ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው።»

መሊካ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ፎርማቱ ይቆይ» አለች ኑርሃን። «ሙቀት ቢሆን ማሽኑ ራሱ ድርግም ይል ነበር። አሁን ግን ጽሕፈቱም ኅትመቱም ደህና ነው፤ የሚወድቀው ፋይሎቹን የሚያሳየን ክፍል ብቻ ነው። ለመሆኑ አንቲቫይረሱ የት ሄደ?»

«አስጠፋሁት።»

«ምነው?»

«እንግዳ ሰደበብኛ! ሐጂ አደም መንዙማ ሊያስገለብጡ ፍላሻቸውን ሰጡኝ። ገና ከመሰካቱ ጮኸ፤ ‹አደጋ ተገኘ› ብሎ በቀይ ጻፈ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ሽማግሌው ‹ሰዲቅ፣ እኔ አደጋ ነኝ?› ብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ባለጌ በቤቴ አይኖርም አልኩ።»

ሳቄ መጥቶ በካፖርቴ እጅጌ ሸፈንኩት። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። በዚያ ሰፈር የሰው ፍላሽ አልቀበልም ማለት የተዘረጋ እጅ አለመጨበጥ ነው። በሠርግ ወራት መንዙማውም ዘፈኑም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል፤ ጋሽ ሰዲቅም ለሁሉም በነፃ ይገለብጣሉ። ልማዱ ያማረ ነው። ቫይረስ ግን ይሉኝታ አያውቅም።

«ከዚያ በኋላስ አዲስ የተጫነ ነገር አለ?» ኑርሃን ጠየቀች።

«አንድ ደንበኛ የሠርግ ቪዲዮ ማስጌጫ ፕሮግራም በፍላሽ አመጣልኝ። በብር የሚሸጠውን ቁልፉን ሰብረው ያወጡት ነው አለኝ።»

«ቁልፍ ሰብሮ የገባ ሰው ለእርስዎ ይታመናል?»

«አንቺ ልጅ፣ እንግዳን ከበር አቁሞ መፈተሽ የት ያየሽው ወግ ነው? አባቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ከየት መጣህ እንኳ ሳይሉ ነው እግሩን ያጠቡት!»

ኑርሃን ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ ከሰንበቴ ገበያ በሬ ሲገዙ ዕለቱን ከከብቶችዎ ጋር ይቀላቅሉታል?»

«እንዴት ተደርጎ! ለብቻው ታስሮ ይሰነብታል እንጂ። በሽታ ይዞ ቢሆንስ?»

«ታዲያ ሻጩን ሰደቡት ማለት ነው?»

«ሻጩ ምን አደረገ? እሱም አላወቀ ይሆናል።»

«ሐጂ አደምም አላወቁም። የተሰደበው ፍላሻቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም።»

ጋሽ ሰዲቅ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ፤ ቢሆንም እጅ አልሰጡም። «በይ እሺ፤ ሙቀት ካልሆነ አሳይኝ» አሉ።

እሷም ኢንተርኔቱን ነቀለች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሴፍ ሞድ በሚባለው መንገድ አስነሳችው፤ ከውጭ የተጫነበትን ሁሉ አስቀርቶ የራሱን አስፈላጊ ነገር ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ ነው። ፎልደሩን ነካችው። ተከፈተ፤ አልተዘጋም። ሙቀቱ ግን ያው ሙቀት ነበር።

ሆኖም ውስጡ ፎቶ አልነበረም። ስም የያዙ ትናንሽ ምልክቶች ብቻ ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው ምንም የለም።

«ባዶ ነው!» አሉ ጋሽ ሰዲቅ። መሊካ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«አይዞሽ እትዬ መሊካ፣ አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው» አለች ኑርሃን። «እነዚህ ቫይረሱ ያስቀመጣቸው ማታለያዎች ናቸው፤ የነካቸው ሰው ቫይረሱን ይቀሰቅሳል። እኛ አንነካቸውም።» የተደበቁ ፋይሎች ይታዩ ብላ አዘዘች። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። የመሊካና የሙጂብ የሚለውን ከፈተችው።

ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ ወጣት ፈገግ ብሎ አየን።

«የጣይባ አፍንጫ!» ብላ መሊካ ጮኸች። አለቀሰች፤ ቀጥላ ሳቀች። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ ጋሽ ሰዲቅ እየደጋገሙ። እኔ ክርስቲያኑም «ተመስገን» አልኩ፤ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ኑርሃን ሌላ ሳትነካ ፎቶዎቹን ብቻ ከውጭ ወደሚሰካ አዲስ ባዶ ሃርድ ዲስክ ገለበጠች። ከዚያ ያን ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ነቅላ፣ አንቲቫይረሱን መልሳ፣ ኮምፒውተሩንም ሃርድ ዲስኩንም አስፈተሸች። በመጨረሻ እንደ ወትሮው አስነሳችው። ፎልደሩ ተከፍቶ ቀረ።

«በቃ ዳነ! ሃርድ ዲስኩን እዚሁ ኮምፒውተሩ ጎን አስቀምጪው» አሉ ጋሽ ሰዲቅ።

በዚህ ጊዜ መሊካ ተናገረች። «ጋሽ ሰዲቅ፣ እኔ ያለኝን ሁሉ አንድ ቤት አስቀምጬ ነው ያጣሁት። ይኼ ሌላ ቤት ይደር።»

ከኑርሃን ጋር ሲከራከሩ የነበሩት ሽማግሌ ለዚህ ክርክር አላመጡም። «እውነትሽን ነው፤ እህቴ ዘንድ ይቀመጣል» አሉና ወደ ኑርሃን ዞሩ። «አንቺም ልክ ነሽ። እኔ ለእንግዳ አዘንኩ ብዬ የስንቱን እንግዳ ፍላሽ በክዬ ሰድጃለሁ! የስንቱንስ ሠርግ ላስደመስስ ነበር!»

አንባቢ ሆይ፣ ሽማግሌው የተረዱት ይህን ነው። መፈተሽ ለባለቤቱም ለእንግዳውም ጤና ነው። ፋይል የሚያሳየው ክፍል ወደቀ ማለት ፋይሉ ሞተ ማለት አይደለም፤ ተቻኩሎ መደምሰስ ግን ራሱ ሞት ነው። ቅጂው ሌላ ቤት ያደረለት ሰውም፣ ማሽኑ ቢበላሽ እንኳ ተኝቶ ያድራል።

እኔ በላቤ ተጠምቄ ጉርድ ፎቶ ስነሳ፣ ሐጂ አደም ፍላሻቸውን ይዘው በበሩ ገቡ። ፈተናው መጣ አልኩ በልቤ! ጋሽ ሰዲቅ ተነሥተው ሻይ አስቀረቡላቸው፤ ከዚያ የራሳቸውን ፍላሽ ከኪሳቸው አውጥተው ሰኩ። ማሽኑ ጮኸ፤ በቀይም ጻፈ።

«አዩ ሐጂ? የእኔም ታሟል። አሁን ተራው የእርስዎ ነው፤ ታክሞ ይመለስልዎታል።»

ሐጂ አደም ከት ብለው ሳቁ። ያን ቀን ሻያቸውን ጨረሱ።

መሊካ የታተሙትን ፎቶዎች ስትመርጥ ሙጂብ ዓይኑን የጨፈነበትን አንዱን ጋሽ ሰዲቅ ሊያስቀሩት ሲሉ ነጠቀቻቸው። «ይኼም የኔ ነው» አለች። ከዚያ ፎቶዎቹን ደረቷ ላይ አድርጋ ስልኳን አነሣችና ወደ አጣዬ ደወለች።

«ጣይባ፣ አትተኚ፤ አባትሽን ይዤልሽ እየመጣሁ ነው።»