የዕረፍት ጊዜው ደወል

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ! ያለ መነጽር ቁጥሩን የት አየዋለሁ... ደህና ነኝ፣ ደህና። እናንተስ? ልጆቹ?... እ? አይሰማኝም፣ ቆይ — አንተ አናጢ፣ እስቲ መዶሻህን አንዴ አሳርፈው፣ ልጄ ናት!... እሺ፣ አሁን ቀጥይ።

— አይ፣ ማንም የለም። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ይኸው ሁለት ሳምንቱ። ሰባራ ዴስክ የሚጠግን አንድ አናጢ ብቻ ይመጣል። ጥበቃውም እኔ፣ ደዋዩም እኔ፣ ተማሪውም እኔ!... ትስቂያለሽ? ዛሬ ጠዋት እኮ ረስቼ ደወሉን ደወልኩት። ሁለት ሰዓት ሲሆን እጄ በራሱ ጊዜ ሄደ። ማን ይሰለፋል? ሜዳውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

— እሱን ተይው። ይልቅ ልጆቹን መቼ ነው የምትልኪያቸው? እዚሁ ግቢ ከማድርባት ጎን ያለችውን ክፍል ቀለም ቀባኋት። ሁለት ፍራሽም...

— እ?...

— አይመጡም።... አይ፣ ገባኝ። ትልቋ የውሃ ዋና ጀመረች... ጥሩ ነው። ትንሹስ፣ ድንቡሼ?... «እዚያ ልጅ የለም» አለ? እውነቱን ነው፣ ምን ይዋሽ!... አልተቀየምኩም አልኩሽ እኮ። ከፋኝ እንጂ አልተቀየምኩም።

— አንቺስ ምን ሆንሽ? ድምፅሽ ደክሟል።... እስከ እኩለ ቀን ይተኛሉ?... ፕሮግራም አወጣሽላቸው? ፍሪጁ ላይ?... «ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ንባብ»! በይ ተይኝ! ቤት ነው ወይስ የጦር ሰፈር? በሦስተኛው ቀን ቢፈርስ ምን ይገርማል። አንቺ ነርስ ነሽ፤ ዛሬ የጠዋት ፈረቃ፣ ነገ የከሰዓት። በምን ይጸናልሻል?

— ስሚኝማ... ትሰሚኛለሽ? አንድ ምስጢር ልንገርሽ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የደወልኩት በሰዓቱ መስሎሻል?... ኧረ ወዲያ! ጨዋታ ሲደምቅላቸው አምስት ደቂቃ እሰርቅላቸዋለሁ። ዝናብ ክፍል ውስጥ ከያዛቸው እስኪያባራ ዝም። ርዕሰ መምህሩ እስከ ዛሬ አያውቅም! ግን ከዕረፍት በፊት የምሳ ደወል ደውዬ አላውቅም። ተራው አይዛነፍም፣ ሰዓቱ ይለጠጣል። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። መነሳት፣ መታጠብ፣ ቁርስ፤ ቀጥሎ አልጋ ማንጠፍና ትንሽ ንባብ፤ ከዚያ ውጭ ወጥቶ መጫወት። የሰዓቱን ቁጥር ግን አጥፊው።

— ማን ይቀሰቅሳቸዋል?... እኔ አለሁ አይደል!... በስልክ ነዋ። ፈረቃሽን ንገሪኝ። በጠዋት በወጣሽ ቀን በዚሁ በቤታችሁ ስልክ እደውላለሁ፤ እነሱ አያንሱት፣ ጠርቶ ይዘጋ። የመጀመሪያው ጥሪ መነሻ፣ ሁለተኛው ንባብ፣ ሦስተኛው ወደ ውጭ! ጠዋት ቤት በምትሆኚበት ቀን አልደውልም፣ ይተኙ።... «ሥራ ይበዛብሃል» አልሽ? ምን ሥራ አለኝና ነው!

— ድንቡሼ ነው የሚጮኸው? ምን ይላል?... «እንደ እውነተኛ ደወል?» እውነተኛ ነው በይው! ብቻ እንዳያነሱት። ለደወል አቤት አይባልም።... ማታ ማታ ስደውልስ? ማታማ ለወሬ ነው... እንደፈቀዱ። ከተመቻቸው ያንሱት። ካልተመቻቸውም... እሺ፣ እሺ።

— ቆይ የኔ እናት — ጨረስክ? ሁሉንም? ነገም አትመጣም?... በል ይቅናህ። በሩን ዝጋው።... አናጢው ነው። ሄደ።

— በይ አሁኑኑ እንሞክረው። ዝጊውና ልደውል።... አደራ፣ እንዳታነሱ!

— ይጠራል... አንድ... ሁለት... ድንቡሼ መቼም አያስችለውም፣ ዘሎ ያነሳታል... ሦስት... አራት... አምስት... ስድስት...

— ሄሎ? ሄሎ!... አይ፣ የስልኳ ሴትዮ ናት። «የደወሉለት ቁጥር አይመልስም»... አውቃለሁ እህቴ፣ አውቃለሁ። አታንሱ ያልኳቸው እኔ ነኝ።