የፈረስ ገመድ

እንጅባራ አጠገብ ባለ የገጠር ቀበሌ፣ ጥቅምት ወር፣ ጠዋት፤ አያ ልጃለም የበረታቸውን በር ይዘው ቆመዋል፣ የሟቹ ጎረቤታቸው ልጅ አንጓች ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ደብተር ይዛ ፊት ለፊታቸው ቆማለች።

አያ ልጃለም፦ አይሆንም አልኩሽ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ክረምት ሲገባ በቀበሌው ሰማንያ ሁለት ፈረስ ነበር። በነሐሴ በሽታው መጣ። ከዓይናቸው በላይ ያብጣል፤ በአፍንጫቸው አረፋ ይወርዳል፤ በሦስተኛው ቀን ይወድቃሉ። መስቀል ሲደርስ አሥራ አንድ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በረቴ ሰው አላስገባም።

አንጓች፦ አያ፣ ሠላሳ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የፈረስዎን የዳማን ትንፋሽ ቆጥሬ፣ ሙቀቷን ለክቼ እሄዳለሁ። መርፌ አልወጋትም።

አያ ልጃለም፦ ዩኒቨርሲቲው ፈረስ የለውም?

አንጓች፦ ሁለት አለው። እኛ አሥራ አራት ነን። አንዱ ደግሞ ይራገጣል። መምህራችን በየአገራችሁ ፈልጉ፣ የሠላሳ ቀን መዝገብ ያላመጣ አያልፍም አለን። እዚህ ዛሬ የቀሩት አራት ናቸው፤ ሦስቱ ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትቱ ይውላሉ።

አያ ልጃለም፦ ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?

አንጓች፦ ዋናው የእንስሳት ሳይንስ ነው። የፈረስ ትምህርት ማይነሬ ነው።

አያ ልጃለም፦ ማይነር?

አንጓች፦ ከዋናው ጎን የሚወሰድ።

አያ ልጃለም፦ ፈረስ ጎን ሆነ በይኛ። በእኛ ጊዜ ፈረሱ ዋና ነበር፤ ሰውየው ነበር ጎን። አባትሽን በስሙ የሚጠራው ማን ነበር? በፈረሱ፣ የቦራው ጌታ ነበር የሚባለው።

አንጓች፦ እርስዎስ?

አያ ልጃለም፦ የሻንቆው ጌታ። አሁን የሚጠራኝም የለ።

አንጓች፦ ግድግዳው ላይ ያሉት ገመዶች የምንድን ናቸው?

አያ ልጃለም፦ የሸጥኳቸው ፈረሶች። ፈረስ ሲሸጥ ገመዱ አብሮ አይሰጥም፤ የቤቱን በረከት ይዞ ይሄዳል ይባላል። ሚስቴ ስትታመም ሁለት ሸጥኩ። ልጆቹ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ሌሎችም። ሰባት ናቸው።

አንጓች፦ ይቆጥሯቸዋል?

አያ ልጃለም፦ ክረምት ረጅም ነው።

አንጓች፦ እንግዲያው ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ብቅ ቢል ምን ይጎዳዎታል?

አያ ልጃለም፦ መጠየቁን ችለሽበታል። እኔም ልጠይቅሽ። እንደ ተማርሽው መልሽልኝ፤ እንደ ጎረቤት አይደለም።

አንጓች፦ እሺ።

አያ ልጃለም፦ ቦራ ሲታመም አባትሽ እኔን ጠራኝ። ብረት አግዬ እብጠቱን ተኮስኩት። በማግስቱ ሞተ። የገደልኩት እኔ ነኝ?

አንጓች፦ አይደሉም። መተኮሱ ሥቃይ ጨመረበት እንጂ አልገደለውም። በዚያ በሽታ ከአሥሩ ዘጠኙ ይሞታሉ።

አያ ልጃለም፦ ደግ። ሁለተኛውን ስሚ። ከዚያ በፊት የበረቴ ጣሪያ አፈሰሰ። ሻንቆን ወስጄ እናንተ በረት ከቦራ ጎን አሰርኩት። ትኩሳት ነበረው። ላቡን አይቻለሁ። አባትሽ ሲጠይቀኝ ዝናብ ነው ያራሰው አልኩት። ታሟል ካልኩ አያስገባልኝም ብዬ። አራት ሌሊት አደሩ። ሻንቆ ሞተ፤ በሳምንቱ የቦራ ዓይን አበጠ። በሽታው በምንድን ነው የሚሄደው?

አንጓች፦ በትንፋሽ አይደለም። በመነካካትም አይደለም።

አያ ልጃለም፦ በምን?

አንጓች፦ አያ፣ ይተዉት።

አያ ልጃለም፦ እንደ ተማርሽው ብዬሻለሁ።

አንጓች፦ በትንኝ ነው። ማታ ማታ የታመመውን ትነክስና ቆይታ አጠገቡ ያለውን ትነክሳለች። ግን ያን ክረምት ትንኙ በየበረቱ ነበር። ቦራ ብቻውን ቢያድርም ሊነከስ ይችል ነበር።

አያ ልጃለም፦ የፊተኛውን የመለሰችው ተማሪዋ ናት። ከ«ግን» ወዲህ ያለውን ጎረቤቲቱ።

አንጓች፦ አባቴ ያውቅ ነበር?

አያ ልጃለም፦ የፈረስ ሰው ነበር እኮ። ዝናብና ላብ መለየት አይጠፋውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት በእሱ በረት ነው። ሁለት ጊዜ በቦራ ምትክ ባዝራ ይዤለት ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ፣ አንተ በምን ልትሄድ ነው፣ ብሎ መለሰኝ። ከዚያ ሞተ። የፈረሰኛ ማኅበርተኞቹ በፈረስ ለቀብሩ ሲመጡ፣ እንደ ወጉ የሟቹ ፈረስ ኮርቻ ተጭኖ ከፊት መሳብ ነበረበት። የሚሳብ አልነበረም።

አንጓች፦ ኮርቻውን እኔ ተሸክሜው ሄድኩ።

አያ ልጃለም፦ አይቻለሁ። ከኋላሽ ነበርኩ።

አንጓች፦ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ፈረስ ለምን መረጥሽ ይሉኛል።

አያ ልጃለም፦ የእናትሽ በረት ደህና ነው?

አንጓች፦ ደህና ነው። ባዶ ነው።

አያ ልጃለም፦ ዳማን ውሰጃት።

አንጓች፦ እኔ የጠየቅሁት ሠላሳ ቀን ነው። እሷን ከሰጡኝ እርስዎ ከማን ጋር ሊያድሩ ነው?

አያ ልጃለም፦ የአባትሽ ልጅ ነሽ። እንደ እሱ እንዳትመልሺኝ። እኔ ሦስተኛ ጊዜ መለመን አልችልም።

አንጓች፦ በረቱ ባዶ ሊቀር ነው።

አያ ልጃለም፦ የናንተ ዘጠኝ ዓመት ባዶ ነበር። ጠዋት ትንፋሿን ስትቆጥሪ፣ ስንት እንደ ሆነ መጥተሽ ንገሪኝ። እስከ በሩ ድረስ ብትመጪ ይበቃል።

አንጓች፦ እመጣለሁ። ገመዷን ግን ልፍታውና ልተውልዎት። ስምንተኛ ሆኖ ይሰቀል።

አያ ልጃለም፦ አትፍቺው። ገመድ የሚቀረው ፈረስ ሲሸጥ ነው። የአባትሽ ፈረስ ከነገመዱ ነው የሚሄደው።